በደብዛዛ ብርሃን የመድረክ ቴአትር ፎቶ ማንሳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፍላሽ በማይበራበት፣ ተዋናይም «እስቲ አንዴ እንዲያ ሁን» በማይባልበት አዳራሽ ለሚሠራ ፎቶ አንሺ፤ ከመነሻው እስከ አስቸጋሪው።

አንድ ጊዜ ብቻ ፍላሽ ባበራ ምን ችግር አለው?

ጨለማ የለመደ ዓይን ላይ ድንገት የሚበራ ፍላሽ ተዋናዩን ለጥቂት ሰከንዶች ያደናብረዋል። በዚያች ቅጽበት ደረጃ እየወረደ፣ ሰይፍ እየሰነዘረ ወይም የወደቀ ጓደኛውን እየተቀበለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜም አይሆንም።

ፎቶውም ቢሆን አያምርም። የመብራት ባለሙያው ለፍቶ ከጎንና ከላይ ያመጣውን ብርሃን ከካሜራው የሚወጣው ፍላሽ ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ መድረኩ የመታወቂያ ፎቶ ቤት ይመስላል። ከኋላ ወንበር ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ብርሃኑ መድረክ ሳይደርስ ከፊታችሁ የተቀመጡትን ሰዎች ማጅራት አብርቶ ይቀራል።

ማንን ማስፈቀድ አለብኝ?

ቲኬት የማየት ፈቃድ እንጂ የማንሳት ፈቃድ አይደለም። ሁለት ወገን ጠይቁ፦ ትርኢቱን ያቀረበውን ቡድን እና የአዳራሹን አስተዳደር። አንዱ ፈቅዶ ሌላው የሚከለክልበት ጊዜ ብዙ ነው። ፎቶው ለምን እንደሚውል (ለማስታወቂያ፣ ለዜና፣ ለግል ስብስብ) ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ፤ የቆማችሁበትን ቦታ የመድረክ አስተዳዳሪው እንዲያውቀው አድርጉ።

በትርኢቱ ምሽት ላንሳ ወይስ በልምምድ?

ምርጫ ካላችሁ በአልባሳትና በመብራት የሚደረገው የመጨረሻ ሙሉ ልምምድ ይሻላል። መብራቱ፣ ልብሱና ሜካፑ ልክ እንደ ትርኢቱ ነው፤ ተመልካች ግን የለም። ከወንበር ወንበር መዘዋወር ትችላላችሁ፤ የሻተር (ብርሃን ለማስገባት የሚከፈትና የሚዘጋው የካሜራው መጋረጃ) ድምፅም የሚያስቀይመው ሰው ጥቂት ነው። አዘጋጁ ከተስማማ አንድ ከባድ ትዕይንት ለካሜራው ሊደገም ይችላል።

ማነጻጸሪያው እንዲህ ነው፦ በልምምድ ጥሩ ቦታ ታገኛላችሁ፤ በትርኢቱ ምሽት ግን ተዋናዩ የተመልካቹን ትንፋሽ እየሰማ ስለሚጫወት ፊቱ ላይ ያለው ኃይል ይለያል። ሁለቱንም ያነሳ ሰው ልዩነቱን ፎቶው ላይ ያየዋል። አንዱን ብቻ ማንሳት ከተቻለ ግን ልምምዱን ያዙ። ሊያበላሽባችሁ የሚችለው አዘጋጁ በየመሀሉ ማቋረጡና የመብራት ባለሙያው ገና እያስተካከለ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ «ሳይቋረጥ የሚሄደው ልምምድ የትኛው ነው?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በስልክ ማንሳት ይቻላል?

መድረኩ ደምቆ ሲበራ ይቻላል። ዋናውን ሌንስ (1 እጥፍ የሚለውን) ተጠቀሙ፤ አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ሰሌዳ) እና ሰፊው አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) ያለው እሱ ጋ ነው። ብርሃን ሲያንስ ብዙ ስልኮች የማቅረቢያ ሌንሱን የመረጣችሁ ሲመስላችሁ በስውር ከዋናው ሌንስ ምስል ላይ ቆርጠው ይሰጧችኋል። ስለዚህ ማቅረብ ካስፈለገ ቦታ ለውጡ፤ ካልተቻለም ቤት ገብታችሁ ቁረጡት።

የተዋናዩን ፊት በጣታችሁ ተጭናችሁ ያዙ። ፎከሱና ብርሃኑ ሲቆለፍ፣ የግንባሩ ዝርዝር እስኪታይ ድረስ ጣታችሁን ወደ ታች ጎትታችሁ አጨልሙት። የሌሊት ሞዱን አጥፉ፤ ብዙ ምስሎችን ደራርቦ ስለሚሠራ የሚንቀሳቀስ ሰው እጅ ሦስት ሆኖ ይወጣል። የስክሪኑንም ብርሃን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጉ።

ካሜራ ልለውጥ ወይስ ሌንስ?

ሌንስ። ከካሜራው ጋር በጥቅል የሚመጣው ሌንስ ሲያቀርቡበት አፐርቸሩ ኤፍ 5.6 ላይ ይጠባል (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ኤፍ 2.8 ከእሱ 4 እጥፍ፣ ማለትም የ2 ስቶፕ፣ ብርሃን ያስገባል። (አንድ ስቶፕ ብርሃኑ እጥፍ የሚሆንበት ወይም የሚጋመስበት እርከን ነው።) በኤፍ 2.8 አይኤስኦ (ካሜራው ምስሉን የሚያደምቅበት መጠን) 3200 የሚበቃው ትዕይንት በኤፍ 5.6 12800 ይጠይቃል። በካሜራ ለውጥ የሚገኘው ብልጫ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ተቀራራቢ ዘመን ካላቸው ካሜራዎች መካከል ፉል ፍሬሙ (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ከክሮፕ (አነስ ያለ) ሴንሰሩ በኖይዝ (ምስሉን በሚያሻክረው ቅንጣት) ማነስ የሚበልጠው በግምት በአንድ ስቶፕ ነው።

የመድረክ ፎቶ ዋና መሣሪያ 70-200 ሚ.ሜ. ኤፍ 2.8 ሌንስ ነው፤ ሙሉ መድረኩን ለመያዝ 24-70 ሚ.ሜ. ኤፍ 2.8 ይጨመርበታል። ሁለቱም ውድና ከባድ ናቸው። አቅም ካልፈቀደ 85 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.8 ያዙ፤ በክሮፕ ካሜራ ላይ ከሆነ 50 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.8 የ75 ሚ.ሜ. ያህል ያቀርባል። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 2.8 ከአንድ ስቶፕ በላይ ስለሚሰፋ 3200 የነበረው አይኤስኦ ወደ 1250 ገደማ ይወርዳል። እየተራመዱ ማቅረብ በማይቻልበት አዳራሽ ግን የማይዘረጋ ሌንስ የያዘ ሰው ብዙውን ፎቶ በኋላ እንደሚቆርጥ ይወቅ።

የመከላከያ ፊልተር ከፊት ከተገጠመ አውልቁት። ወደ ሌንሱ የዞረ የመድረክ መብራት በፊልተሩና በሌንሱ መካከል ተንጸባርቆ ጥቁሩ ጀርባ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይጥላል። የሌንሱን ጥላ (ሁድ) ግን አትርሱ።

ካሜራውን ከየት ልጀምር?

ማኑዋል ሞድ፣ ኤፍ 2.8፣ 1/250 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 3200፣ ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያላረመው ጥሬ ፋይል)፣ የነጭ ሚዛኑ (የመብራቱን ቀለም የሚያካክሰው ቅንብር) 3200 ኬልቪን ላይ የተቆለፈ። ይህ መነሻ ነው። የመጀመሪያው ትዕይንት እንደተከፈተ ሁለት ሦስት ፎቶ አንስታችሁ ፊት ላይ ያለውን ብርሃን አጣሩ። መድረኩ ሙሉ በሙሉ ሲበራ አይኤስኦው ወደ 1600 ወይም 800 ይወርዳል፤ ሰማያዊ የሌሊት ትዕይንት ሲመጣ 6400፣ አንዳንዴም 12800 ይደርሳል።

ካሜራችሁ የራስ ምርጫ ማስቀመጫ ቦታዎች ካሉት አንዱን ለደማቅ ትዕይንት፣ ሌላውን ለጨለማው አስቀምጡበት። በጨለማ ሜኑ ውስጥ ከመዳከር ተሽከርካሪውን አንድ ጠቅታ ማዞር ይቀላል።

ፎቶዬ ላይ ጀርባው ግራጫ፣ ፊቱ ደግሞ ነጭ ወረቀት የሚሆነው ለምንድን ነው?

ቴአትር ጨለማ ነው ብሎ ማሰብ ስለሚያሳስት ነው። ተዋናዩ ላይ የሚወርደው ብርሃን ብዙውን ጊዜ በቂ ነው፤ ጨለማው ዙሪያው ነው። የካሜራው መለኪያ ግን ፍሬሙን በሙሉ አይቶ አማካይ ግራጫ ለማድረግ ይሞክራል። ከፍሬሙ ሦስት አራተኛው ጥቁር መጋረጃ ሲሆን «ብርሃን አነሰ» ብሎ ያደምቃል፤ መጋረጃው ግራጫ ሆኖ ይነሳል፣ ፊቱም ይቃጠላል። የተቃጠለ ግንባር በሮውም አይመለስም።

መፍትሔው ለፊት መለካት ነው። በማኑዋል ሞድ የመለኪያውን ዓይነት ወደ ስፖት (አንዲት ትንሽ ነጥብ ብቻ ወደሚለካው) ለውጡ፤ ነጥቡን ጉንጭ ላይ አሳርፉ፤ ከዚያ መብራቱ እስኪለወጥ ድረስ ቁጥሩን አትንኩ። አንዳንድ ካሜራዎች ላይ ደማቁን ክፍል እንዲጠብቅ የተሠራ የመለኪያ ዓይነት አለ፤ ለመድረክ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። የመቃጠል ማስጠንቀቂያውንም አብሩ፤ የተቃጠለውን ክፍል ስክሪኑ ላይ ያርገበግበዋል። መብራቱ ራሱ ቢያርገበግብ ግድ የለም፤ ግንባር፣ አፍንጫ ወይም ነጭ ሸሚዝ ሲያርገበግብ ግን 1/3 ወይም 2/3 ስቶፕ ቀንሱ። ሂስቶግራሙ (የፎቶው ጨለማ በግራ፣ ብርሃኑ በቀኝ የሚታይበት ሥዕላዊ መግለጫ) ወደ ግራ መከመሩ አያስደንግጣችሁ፤ የቴአትር ሂስቶግራም መልኩ እንደዚያ ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ሌላ ወጥመድ የካሜራው ስክሪን ነው። በጨለማ አዳራሽ ውስጥ ስክሪኑ ከልኩ በላይ ደምቆ ስለሚታይ የጨለመው ፎቶ ሁሉ ያማረ ይመስላል፤ ጉዱ የሚታወቀው ቤት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ነው። የስክሪኑን ብርሃን በእጅ ዝቅ አድርጋችሁ ቆልፉት፤ ፍርዱን ለሂስቶግራሙ ተዉት።

ጠይም ፊትና ነጭ ልብስ አንድ ላይ ሲመጡ ለየትኛው ልለካ?

ነጩ ልብስ እንዳይቃጠል ከዳር ያዙት፤ ፊቱን በኋላ በእርማት ለብቻው አንሱት። ከ1 ስቶፕ በላይ ማንሳት የሚያስፈልግ ከሆነ ግን ከልብሱ ጥቂት ሠዉ፤ የእጅጌ እጥፋት ቢጠፋ ማንም አያስተውልም፣ ዓይኑ ያልታየ ተዋናይ ግን ፎቶ አይሆንም።

አውቶ አይኤስኦ ብጠቀምስ?

መብራቱ በየሰከንዱ በሚለዋወጥበት የሙዚቃ ትርኢት ይረዳል። አፐርቸሩንና ሻተሩን እናንተ ያዙ፤ የአይኤስኦውን ጣሪያ 12800 ላይ ገድቡ፤ የብርሃን ማካካሻውን ከ-1 እስከ -1.7 ዝቅ አድርጉ፤ መለኪያው በጥቁሩ ስለሚታለል ነው። ነጭ ቀሚስ የለበሰች ተዋናይት ስትገባ ሁሉም ይጨልማል፤ ስትወጣ ይደምቃል፤ ከአንድ ትዕይንት የወጡ አሥር ፎቶዎች አሥር ዓይነት ይሆናሉ። ረጅም ንግግር ላለው ተውኔት ማኑዋሉ ሁልጊዜ ይሻላል።

እጄ ሳይንቀጠቀጥ ፎቶው ለምን ይደበዝዛል?

የተንቀሳቀሰው ተዋናዩ ነው። በሌንሱ ወይም በካሜራው ውስጥ ያለው ማረጋጊያ የእናንተን እጅ እንጂ የእሱን አያቆምም። ቁሞ ለሚነጋገር ሰው 1/125 ይበቃል፤ ለሚራመድና እጁን ለሚወራጭ 1/250፤ ለጭፈራ፣ ለግብግብና ለዝላይ 1/500። ብርሃኑ ይህን ካልፈቀደ የእንቅስቃሴውን ጫፍ ጠብቁ፦ የዘለለ ሰው ከላይ ሲደርስ፣ የተወረወረ እጅ ሲዘረጋ፣ የዞረ አንገት ሲያበቃ ለቅጽበት ይቆማል። በዚያች ቅጽበት 1/80 እንኳን ይሠራል።

ሆን ብሎ ማደብዘዝም አለ። አንዱ ተዋናይ ዝም ብሎ ቆሞ ሌሎቹ ሲዞሩት 1/15 አድርጋችሁ ካሜራውን አንድ ነገር ላይ አስደግፉት፤ የቆመው ጥርት፣ የዞሩት ጭስ ይሆናሉ።

ኖይዙ በዛብኝ፤ አይኤስኦውን ዝቅ ላድርግ?

አፐርቸሩና ሻተሩ የመጨረሻ ገደባቸው ላይ ከደረሱ፣ አይኤስኦውን ዝቅ ማድረግ ኖይዙን አይቀንስም። የኖይዙ ሥር የገባው ብርሃን ማነስ ነው። 6400 የሚፈልገውን ትዕይንት በ1600 አጨልሞ አንስቶ በኋላ 2 ስቶፕ ማድመቅ በብዙ አዳዲስ ሴንሰሮች ላይ ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል፤ በቆዩት ላይ ጥላው ይቆሽሻል፤ በጄፔግ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ይፈርሳል። በየትኛውም መንገድ ትርፍ የለውም።

ትልቁ መድኃኒት ጥቁሩን ጥቁር አድርጎ መተው ነው። ኖይዝ የሚኖረው ጥላ ውስጥ ነው፤ የመብራት ባለሙያው የደበቀውን የመድረክ ጥግ በእርማት ጎትታችሁ ስታወጡት ኖይዙን አብራችሁ ታወጡታላችሁ። ማጽጃ ሶፍትዌሩን ከሌላው እርማት በፊት ሮው ፋይሉ ላይ ተጠቀሙ፤ ኃይሉንም ግማሽ ላይ ያዙ። ከበዛ የሜካፕ ፊት ሰም ይሆናል፣ ጺምና ሹሩባም ይደፈናሉ። በ100 ከመቶ አጉልታችሁ አትፍረዱ፤ በኤ4 መጠን ወረቀት በኢንች 300 ነጥብ ለማተም 2480 በ3508 ፒክስል ይበቃል፣ ይህም 9 ሚሊዮን የማይሞላ ፒክስል ነው። የ24 ሜጋፒክስል ፋይል ሲያንስ ኖይዙም አብሮ ያንሳል።

ፎከሱ እያመነታ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ምን ላድርግ?

ፎከስ የሚይዘው የብርሃንና የጥላ ድንበር አግኝቶ ነው፤ በጠፍጣፋ ጥቁር ካባ ላይ የሚይዘው የለም። ተከታታይ ፎከስ ላይ አድርጋችሁ አንድ ትንሽ ነጥብ ምረጡ፤ ነጥቡን የአንገትጌ ጠርዝ፣ የፀጉር መስመር ወይም መብራቱ የመታው የፊት ጎን ላይ አሳርፉ። የዓይን መለያው ጥሩ አጋዥ ነው፤ ሆኖም ጭምብል፣ ከባድ ሜካፕ፣ ሻሽ ወይም የጎን ፊት ሲመጣ ወደ ሌላ ሰው ይዘላል። ስለዚህ ከኋላ ባለው ቁልፍ ፎከስ ማድረግን ልመዱ፤ ጣታችሁን ስትለቁት ፎከሱ ባለበት ይቆያል፣ ሻተሩ ለማንሳት ብቻ ይሆናል።

የጥርት ስፋቱንም አስሉ። በፉል ፍሬም 200 ሚ.ሜ. በኤፍ 2.8፣ 10 ሜትር ርቀት ላይ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንዱ ከሌላው አንድ ሜትር ወደ ኋላ የቆሙ ሁለት ተዋንያን አብረው አይጠሩም። ወይ የሚናገረውን ምረጡ፣ ወይ በአንድ መስመር ሲቆሙ ጠብቁ፤ ኤፍ 4 ማድረግ ውፍረቱን ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ከማድረስ አያልፍም።

ካሜራዬ እንዳይታይና እንዳይሰማ ምን ምን ላጥፋ?

የፎከስ ረዳት መብራቱን (ቀዩ ወይም ብርቱካናማው ጨረር ተዋናዩ ደረት ላይ ያርፋል)፣ የፎከስ ድምፁን፣ ፎቶ ከተነሳ በኋላ በራሱ የሚከፈተውን ማሳያ፣ የኋላውንም ስክሪን። በመመልከቻው ብቻ ሥሩ። የማስታወሻ ካርድ መብራቷ ላይ ትንሽ ጥቁር ፕላስተር ለጥፉ። ቦርሳችሁ ቬልክሮ ካለው ከፍታችሁ ተዉት፤ በጸጥታ ትዕይንት ላይ ከሻተር የበለጠ የሚጮኸው እሱ ነው።

ድምፅ አልባው ኤሌክትሮኒክ ሻተር ከመስታወት አልባ ካሜራዎች ጋር ትልቁ ስጦታ ነው፤ ዋጋው ግን ከታች «መስመር» በሚለው ጥያቄ ላይ አለ። ድምፅ ያለው ካሜራ ብቻ ካላችሁ ሳቅ፣ ሙዚቃና ጭብጨባ ሲመጣ አንሱ፤ በዝምታው ጊዜ እጃችሁን ሰብስቡ።

የት ልቀመጥ?

ፊተኛው ረድፍ ያማልላል፣ ግን የመድረኩ ጠርዝ የተዋናዩን እግር ይቆርጣል፤ ካሜራውም ከአገጭ ሥር ወደ አፍንጫ ቀዳዳ ያያል። ሌንሱ ከተዋናዩ ደረት ጋር እኩል የሚሆንበትን ረድፍ ፈልጉ፤ በብዙ አዳራሾች ይህ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ረድፍ ባለው ይገኛል። ከመተላለፊያው አጠገብ ያለ ወንበር ለመነሳት ይመቻል። ለሙሉ መድረክ ፎቶ ወደ ኋላ ሂዱና ልክ መሀል ላይ ቁሙ፤ የመድረክ ንድፉ ሚዛኑን የሚያሳየው ከዚያ ነው። ከፎቅ ሲታይ ወለሉ የፎቶው ጀርባ ስለሚሆን፣ ወለሉ ላይ የብርሃን ቅርጽ ሲወድቅ ብቻ ውጡ።

መቼ ልጫን?

ካዩ በኋላ ከተጫኑ አልፏል። የሰው እጅ ላየው ነገር መልስ ለመስጠት ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል፤ ጥፊ ከዚያ በፊት ያልቃል። ስለዚህ ጽሑፉን አንብቡ፣ ከተቻለም አንድ ልምምድ ያለ ካሜራ ተቀምጣችሁ እዩ። «2ኛ ገቢር፣ ደብዳቤው ሲቀደድ፣ ከግራ» ብላችሁ አሥር አሥራ አምስት ቅጽበት ወረቀት ላይ ያዙ።

ተዋናይ ትልቅ ቃል ከመናገሩ በፊት ይተነፍሳል፤ ትከሻው ትንሽ ከፍ ይላል፣ አገጩ ይቀናል። ያኔ ተጫኑ። አረፍተ ነገር መሀል የተነሳ አፍ ብዙውን ጊዜ ጠማማ ነው። ሳቅ ሲፈነዳ ተዋናዩ ሳቁ እስኪበርድ እንዳለ ይጠብቃል፤ ነፃ ሁለት ሰከንድ ናት። የሚሰማውንም ሰው ፊት አትርሱ፤ ክፉው ዜና የሚነበበው ከተናጋሪው ይልቅ እሱ ላይ ነው። ሦስት አራት ፍሬም በተከታታይ ይበቃል፤ ሃያ ፍሬም ማርከፍከፍ ካሜራው ፋይሉን ሲጽፍ ዋናዋን ቅጽበት ያሳልፍባችኋል።

ሰማያዊ ወይም ቀይ መብራት ላይ ፊቱ ፕላስቲክ የሚመስለው ለምንድን ነው?

ኤል.ኢ.ዲ. መብራት ጥርት ያለ ነጠላ ቀለም ያወጣል። በተለመደው ሴንሰር ላይ ካሉት ነጥቦች ሰማያዊ የሚቀበለው ሩቡ፣ ቀይ የሚቀበለውም ሩቡ ነው፤ የቀረው ግማሽ አረንጓዴ ነው። መድረኩ ሰማያዊ ብቻ ሲሆን ምስሉን የሚሸከመው ያ ሩብ ነው፤ ዝርዝሩ ይሟሽሻል፣ ፎከሱ የሳተ ይመስላል። በዚህ ላይ የሰማያዊው ቻናል ሞልቶ ይቃጠላል፤ ነጩ ሂስቶግራም ግን ሦስቱን ስለሚያደባልቅ «ደህና ነው» ይላል። የሦስቱን ቀለማት ሂስቶግራም ለየብቻ የሚያሳየውን ክፈቱና አንዱ ቀለም የቀኙን ጠርዝ ከነካ ብርሃኑን ከ2/3 እስከ 1 ስቶፕ ቀንሱ።

የነጭ ሚዛኑን ጠምዝዞ ሰማያዊውን «ለማስተካከል» መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ያልነበረ ቀይ ከየት ይመጣል? ሌሊት እንዲመስል የተፈለገውም ሆን ተብሎ ነው። በእርማት የዚያን ቀለም ሙላት ጥቂት ዝቅ ማድረግ የፊቱን ጥላ ይመልሳል፤ ካልሆነ ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ከሁሉ የሚሻለው ግን መጠበቅ ነው፤ ብዙ ትዕይንት ውስጥ ተዋናዩ ከሰማያዊው ወጥቶ ወደ አንድ ነጭ ስፖት መብራት የሚረግጥባት እርምጃ አለች።

አውቶ ነጭ ሚዛን በየፍሬሙ ሐሳቡን ስለሚለውጥ አጥፉት። የክር አምፖሎች 3200 ኬልቪን አካባቢ ናቸው፤ ተዋናይን የሚከተለው ትልቅ ስፖት ብዙ ጊዜ 5600 እና ከዚያ በላይ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ፊት ላይ ላለው አድሉ።

ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር ወይም ባለቀለም መስመር ተሰመረብኝ፤ ካሜራው ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። ኤል.ኢ.ዲ. መብራት የሚደበዝዘው በሰከንድ ብዙ መቶ ወይም ብዙ ሺህ ጊዜ እየጠፋና እየበራ ነው። ኤሌክትሮኒክ ሻተር ደግሞ ምስሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች እየቃኘ ያነባል፤ በብዙ ካሜራዎች ይህ ቅኝት ከ1/20 እስከ 1/60 ሰከንድ ይፈጃል። መብራቱ ጠፍቶ ሳለ የተነበበው ረድፍ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የክር አምፖል ግን ክሩ እንደጋለ ስለሚቆይ ይህ ችግር እምብዛም የለበትም።

መጀመሪያ ወደ ሜካኒካል ሻተር ተመለሱ። ካልጠፋ ሻተሩን አዝግሙ፦ ባለ 50 ሄርዝ መብራት ኃይል ባለበት 1/100 ወይም 1/50፣ ባለ 60 ሄርዝ በሆነበት 1/125 ወይም 1/60። የካሜራው የተለመደው የመርገብገብ መከላከያ የሚያውቀው በሰከንድ 100 እና 120 ምቱን ብቻ ነው፤ ፈጣኑን ኤል.ኢ.ዲ. አይለየውም። አንዳንድ ካሜራዎች ሻተሩን እንደ 1/250.6 ባለ ጥቃቅን እርከን ለማስተካከል ይፈቅዳሉ፤ መመልከቻው ውስጥ መስመሩ እስኪጠፋ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። በጣም ፈጣን ቅኝት ባላቸው ካሜራዎች ችግሩ ይቀንሳል፤ በ2021 የወጣው ኒኮን ዜድ 9 ሜካኒካል ሻተር ጭራሽ የለውም። በ2023 ይፋ የሆነው ሶኒ አልፋ 9 ሦስት ደግሞ ፍሬሙን በሙሉ በአንዴ ስለሚያነብ መስመሩ አይሰመርበትም፤ ፍሬም ከፍሬም ግን የብርሃን ልዩነት ሊኖር ይችላል።

ጭስ፣ ስስ መጋረጃ እና ፕሮጀክተር ያለበት ትዕይንት እንዴት ይነሳል?

ጭሱ ከኋላ ሲበራ የብርሃኑን ዘንግ ያሳያል፤ ያምራል፣ ግን ንጽጽሩን ያጠፋል፤ ፎከሱም ጭሱ ላይ ሊቆም ይችላል። እንደተለቀቀ አትቸኩሉ፤ ሲሳሳና ሲበተን አንሱ። ተዋናዩ ከስስ መጋረጃ ጀርባ ከሆነ ካሜራው የጨርቁን ድርና ማግ ነው የሚይዘው፤ በእጅ ፎከስ አድርጉ፣ ወይም መጋረጃው ከመውረዱ በፊት በዚያው ርቀት ይዛችሁ ቆልፉት።

የፕሮጀክተር ምስል ከተዋናዩ ጀርባ ሲኖር ለሁለቱም የሚሆን ብርሃን አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው። ለተዋናዩ ለኩ። አንዳንድ ፕሮጀክተሮች ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን በየተራ ነው የሚረጩት፤ ዓይናችን አንድ ላይ ያየዋል፣ 1/500 ላይ ያለ ካሜራ ግን ግማሹን ብቻ ይዞ የቀስተ ደመና ጭረት ያወጣል። ወደ 1/60 ወይም 1/50 ስትወርዱ ቀለሙ ይሞላል፤ ያኔ ተዋናዩ የሚቆምባትን ቅጽበት ትጠብቃላችሁ።

ስትሮብ በሚብለጨለጭበት ትዕይንት ግማሹ ፎቶዬ ባዶ ጥቁር ነው። ለምን?

1/250 ላይ የተከፈተ ሻተር በሁለት ብልጭታ መሀል ስለሚወድቅ ነው። እዚህ ጋ ሕጉ ይገለበጣል፤ ሻተሩን አዝግሙ። መብራቱ በሰከንድ 8 ጊዜ የሚብለጨለጭ ከሆነ 1/8 ሰከንድ የተከፈተ ሻተር ሁልጊዜ አንድ ብልጭታ ይይዛል። ሌላው መድረክ ጨለማ ስለሆነ ተዋናዩን የምታቆመው ያቺው አጭር ብልጭታ ናት፤ አይደበዝዝም። ሌላ መብራት አብሮ ካለ ግን ጥላው እንደ መንፈስ ይከተለዋል። ሻተሩን ወደ 1/4 ብታስረዝሙት ሁለት ብልጭታ ገብቶ አንዱ ሰው በሁለት አቋም ይታያል፤ ለግብግብ ትዕይንት አንዳንዴ የሚፈለገው እሱ ነው። ኤሌክትሮኒክ ሻተር ግን በዚህ ትዕይንት አትጠቀሙ፤ ብልጭታው ቅኝቱ መሀል ላይ ከደረሰ የፍሬሙ ግማሽ በርቶ ግማሹ ጨልሞ ይወጣል።